የሴንቻ ሻይ ቤት ብዬ ሳልኩ፣ መምህሬ «ይሄ የማን ሻይ ነው?» አለኝ

ባለማስመሪያዋ

ሰላም ለዚህ ቤት። ሻይ ቤት ስል ሻይ በፓስቲ የሚሸጥበትን ማለቴ አይደለም። የጃፓኑን፣ እንግዳ ተጠርቶ በሥርዓት ሻይ የሚጠጣበትን ትንሽ ቤት ነው። ኦሳካ አርክቴክቸር እማራለሁ፣ ሁለተኛ ዲግሪ። የዘንድሮ የስቱዲዮ ሥራችን ከ15 ካሬ ሜትር ያልበለጠ፣ አምስት እንግዳ የሚይዝ የሴንቻ (ቅጠሉ በሙቅ ውሃ ተዘፍዝፎ የሚጠጣው አረንጓዴ ሻይ) ሻይ ቤት መንደፍ ነው። ቦታው ተዳፋት ነው፤ ከታች ትንሽ ወንዝ አለች።

እኔም የጃፓን ሻይ ቤት ሲባል ዓይኔ ላይ የሚመጣውን ሁሉ ሰበሰብኩ። ቁመቷ 66 ሳንቲ ሜትር የሆነች፣ በጉልበት እየዳሁ የሚገቡባት በር። የጭቃ ግድግዳ። ጨለም ያለ ክፍል፣ ሁለት ትንንሽ መስኮት። ወለሉ ላይ ተቆርጦ የገባ ምድጃ። ሞዴሉን ሁለት ሌሊት ሳልተኛ ነው የሠራሁት፤ እውነቱን ለመናገር አምሮም ነበር።

መምህሩ አየው፣ አዙሮ አየው፣ ዝም አለ፣ ከዚያ «ያምራል፤ ግን ይሄ የማን ሻይ ነው?» ብሎኝ ወደሚቀጥለው ልጅ ሄደ። ክፍሉ ሳቀ። እኔ እስካሁን አልገባኝም። ማቻም (የተፈጨው ሻይ) ሴንቻም ከአንድ ተክል አይደል እንዴ የሚመጣው? ቅጠሉ ተፈጨ አልተፈጨ ቤቱን ምን ያገባዋል? ደግሞስ ምድጃው ወለሉ ውስጥ ካልገባ ሻይ የሚያፈላው ሰው የት ነው የሚቀመጠው? ከኪዮቶ ሳልርቅ ሄጄ የማየው ነገር ካለም ጠቁሙኝ። ማስረከቢያው ሦስት ሳምንት ቀርቶታል።

የኡጂ ዝናብ

መምህርሽ ትንሽ ጨካኝ ነው፣ ግን ልክ ነው። የሳልሽው የማቻ ቤት ነው።

እኔ የምኖረው ኪዮቶ አጠገብ ኡጂ አካባቢ ነው፤ ሴንቻም በሥርዓቱ መማር ከጀመርኩ ቆየሁ፤ ስለዚህ ባስረዝመው ቻይኝ። ማቻ የተፈጨ ሻይ ነው፣ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ በቀርከሃ መምቻ ተመትቶ ይጠጣል። የዚያን ቤት መልክ ያስያዘው የሻይ ሊቁ ሴን ኖ ሪኪዩ ነው፣ በ16ኛው ክፍለ ዘመን፣ አገሩ በጦርነት ሲታመስ። በኪዮቶና በኦሳካ መሃል ያማዛኪ ላይ ታይአን የሚባል፣ የእሱ ሥራ ነው የሚባል ቤት እስካሁን ቆሟል። ክፍሉ ሁለት ታታሚ (ወለሉ ላይ የሚነጠፈው የጃፓን ምንጣፍ) ብቻ ነው፤ አራት ካሬ ሜትር አይሞላም። በእንዲህ ዓይነቱ ቤት ጦረኛው ሰይፉን ደጅ ሰቅሎ፣ ጎንበስ ብሎ ይገባል፣ በሩ ይዘጋል፣ ከዚያ በኋላ የውጭው ዓለም አይመለከተውም። ጨለማውም፣ የጭቃው ግድግዳም፣ ያቺ ትንሽ በርም ለዚህ ነው የመጡት።

ሴንቻ ከሌላ ቤት የተወለደ ልጅ ነው። በ1654 እ.ኤ.አ. ኢንገን የሚባል መነኩሴ ከቻይና፣ ከፉጂያን ተነስቶ ናጋሳኪ ገባ። በ1661 እዚሁ ኡጂ ማንፑኩጂ የሚባለውን ገዳም መሠረተ። መነኮሳቱ ይጠጡት የነበረው ሻይ እንደኛ ሻይ ቅጠሉ በሙቅ ውሃ የሚዘፈዘፍ ነበር። ዛሬ ሴንቻ የምንለውን አረንጓዴ ቅጠል፣ በእንፋሎት አሙቆ፣ አሽቶ የማድረቁን ዘዴ ደግሞ ናጋታኒ ሶኤን የሚባል ሰው ነው ከኡጂ ጥቂት ወጣ ብላ ባለች መንደር በ1738 ያወጣው።

አሁን ለአንቺ ሥራ ወደሚጠቅመው ልምጣ። ባይሳኦ የሚባል ሰው ነበር። ስሙ ራሱ «ሻይ ሻጩ ሽማግሌ» እንደማለት ነው። የኢንገን ወገን መነኩሴ ነበር፤ ስልሳ ዓመት ገደማ ሲሞላው፣ በ1735፣ ኪዮቶ ሻይ መሸጥ ጀመረ። ዕቃውን በቅርጫት ተሸክሞ ወንዝ ዳር፣ ጥድ ሥር፣ አበባው የፈካበት ቦታ ይሄድና ከሰሉን ያቀጣጥላል። ዋጋው ያስቀኛል፦ የፈለጋችሁትን ክፈሉ፣ ካላችሁም በነፃ ጠጡ፣ ከነፃ በታች ግን አልቀንስም ብሎ ጽፎ ነበር የሚያስቀምጠው። ገጣሚውም ሠዓሊውም ሊቁም እየመጣ አጠገቡ ይቀመጥ ነበር።

እንግዲህ አስቢው። ይሄ ሻይ ያደገው ደጅ ነው። በኋላ ቤት ሲሠራለት የሠሪዎቹ ጭንቀት ጣሪያው ደጁን እንዳይነጥቃቸው ነበር። ስለዚህ ክፍሉ ብሩህ ነው፣ ሰፊ መክፈቻ አለው፣ ወደ ወንዝ ወይ ወደ ተራራ ያያል፣ እንግዳ ቆሞ ይገባል፣ ቆሞ ይወጣል፣ ያወራል፣ ግጥም ያነባል፣ ሥዕል ያያል። አንቺ ደግሞ ወንዝ ሰጥተውሽ ጀርባሽን አዙረሽባታል!

የሚታየውን በተመለከተ፣ ኪዮቶ ውስጥ ካሞ ወንዝ ዳር ሳንሺሱይሜይሾ የሚባል ቤት አለ። ስሙ «ተራራው ሐምራዊ፣ ውሃው የጠራ የሆነበት ቦታ» እንደማለት ነው። ራይ ሳንዮ የሚባለው የታሪክ ጸሐፊና ገጣሚ በ1828 ነው ያሠራው። የሣር ጣሪያ፣ አራት ተኩል ታታሚ ክፍል፤ አንድ ወገኑ ወደ ወንዙና ከወንዙ ማዶ ወዳለው የምሥራቅ ተራራ ይከፈታል። ለማየት አስቀድሞ ማመልከት ያስፈልጋል፤ ዛሬውኑ ጀምሪ። ሺሴንዶ ደግሞ በዚያው በኪዮቶ ሰሜን ምሥራቅ ነው፤ ኢሺካዋ ጆዛን የሚባል ጦርነት የተወ ሳሙራይ በ1641 የሠራው። ከሴንቻው ሥርዓት በፊት የነበረ ቤት ነው፣ የሴንቻ ሰዎች ግን እንደ አያታቸው ነው የሚያዩት። ወለሉ ላይ ተቀመጪና በነጩ አሸዋና በተከረከመው ቁጥቋጦ ላይ የሚያርፈውን ብርሃን እዪ። ቀርከሃዋ ውሃ ሞልታ ድንጋዩ ላይ ጧ ስትልም ትሰሚያለሽ። በመጨረሻ ማንፑኩጂ ነይ፤ ከጣቢያው በእግር ነው።

ሀ ሲሉ

ቡና አፍልቼ ስለ ሻይ ሳነብ ያመሸሁበት ብቸኛ ቀን 😂 ቀጥሉ ቀጥሉ

አናጢው

ልጄ፣ እኔ አርክቴክት አይደለሁም፤ ዕድሜዬን በእንጨት ሥራ የጨረስኩ ሰው ነኝ፣ አሁን ጀርመን ነው ያለሁት። ጃፓን ሁለት ጊዜ የሄድኩት እንጨት ለማየት ብቻ ነው፤ ባለቤቴ እስካሁን አልተወችኝም በዚህ።

የምድጃውን ጥያቄ ማንም ስላልነካው እሱን ልያዘው፣ ምክንያቱም ፕላንሽን የሚፈታው እሱ ነው። በማቻ ቤት ምድጃው ወለሉ ውስጥ ይገባል፣ ወደ 42 ሳንቲ ሜትር በ42 የሆነ አራት ማዕዘን። ታታሚው በዙሪያው ይደረደራል፣ አስተናጋጁ እዚያው ጎን ይቀመጣል፣ እንግዳው በዚያ ልክ ይቀመጣል፣ በሩም በዚያ ልክ ይከፈታል። አንድ ጉድጓድ ቤቱን በሙሉ አሰረው ማለት ነው። በሴንቻ ግን እሳቱ ተንቀሳቃሽ ነው። ትንሽ የሸክላ ከሰል ማንደጃ ናት፤ ላይዋ ላይ የሸክላ ማንቆርቆሪያ ይጣዳል። ሳያት የመጣብኝ የእናቴ ጀበና ነው፣ ምን ልበልሽ። ከዚያ በጎኑ እጀታ ያላት ማፍያ፣ ከዚያ አምስት ትንንሽ ሲኒ። ሲኒ ያልኩት በምክንያት ነው፣ ልክ እንደኛዋ ናት፣ እንዲያውም ታንሳለች። ለሁሉም ባንዴ ተቀድቶ ይታደላል።

ስለዚህ «የት ይቀመጣል» ላልሽው፣ አንቺ በፈለግሽበት ነው። እኔ ብሆን ወደ ጎን አስቀምጠዋለሁ፣ የእንግዶቹ ዓይን ከውሃው ጋር ሲገናኝ መሃል ላይ እንዳይገተር። ከምድጃው ጉድጓድ ነፃ ስትወጪ መክፈቻሽን ሁለት ወገን ማድረግ ትችያለሽ፣ ማዕዘኑን ራሱ መክፈት ትችያለሽ። ቋሚውን ከማዕዘኑ ወደ ውስጥ ሳቢው ብቻ።

ሌላው ከፍታ ነው። ሰው የሚቀመጠው ወለል ላይ ነው፤ ዓይኑ ከወለሉ ሰማንያ ሳንቲ ሜትር ቢርቅ ነው። እንደ ለመድነው መስኮቱን ዘጠና ላይ ካስጀመርሽው እንግዳሽ የሚያየው ግድግዳ ነው። ከአርባ በታች አውርጂው። በረንዳው ጫፍ ላይ የምታደርጊውም መደገፊያ ዝቅ ያለና ክፍት ይሁን፣ ወንዟ በፍርግርጉ መሃል እንድትታይ። እና ያንን ሁሉ ከፍተሽ የጣሪያውን ጠርዝ አሳጥረሽ እንዳታዪኝ! በሰኔ ዝናባቸው ታታሚው በአንድ ሳምንት ይሻግታል። ከግድግዳው ቢያንስ አንድ ሜትር ይውጣ።

ኪዮቶ ላይ አትቁሚ፤ ትንሽ ገንዘብ ካለሽ ሺኮኩ ደሴት ኤሂሜ ሂጂ፣ ኦዙ የምትባል ከተማ። እዚያ ጋርዩ ሳንሶ የሚባል ግቢ አለ፤ በሰም ንግድ የከበረ ሰው በ1907 ያስጨረሰው። ግቢው ጫፍ ላይ ፉሮአን የምትባል ክፍል አለች፤ ከገደል ላይ በረጃጅም ቋሚዎች ቆማ ሂጂ ወንዝ ላይ ተንጠልጥላለች፣ ጀልባ እንድትመስል ነው የተሠራችው። ኮርኒሷ እንደ ጀልባ ሆድ የጎበጠ፣ ከተሸመነ ቀርከሃ የተሠራ ነው። ለምን ጎበጠ? የጨረቃ ብርሃን ወንዙ ላይ ያርፍና ከውሃው ተነስቶ ኮርኒሱ ላይ እንዲጫወት። ከደገፏት ቋሚዎች አንዱ ደግሞ ያልተቆረጠ፣ ሥር ያለው፣ እስካሁን የሚያድግ ዛፍ ነው። ሰላሳ ዓመት እንጨት ስቆርጥ ኖሬ ይሄን አላሰብኩም። እዚያ የምትማሪው ስለ ሻይ ዓይነት አይደለም፤ ተዳፋትና ወንዝ ያለው ሰው ምን ማድረግ እንደሚችል ነው። ያንቺም ቦታ ያው ነው።

ነገር ፈላጊ

ይቅርታ አድርጉልኝና እዚህ ጋ አልስማማም። «የሴንቻ ሻይ ቤት እንዲህ ነው» ብላችሁ ሕግ እያወጣችሁላት ነው። ባይሳኦ ከሕግ ሸሽቶ አይደል እንዴ ደጅ የወጣው? የማቻ ሰዎች በሥርዓትና በዕቃ ዋጋ ተጠምደው ነበር፣ እሱ ያንን ጠልቶ ቅርጫት ተሸከመ። በ1755 ሲያረጅ የሚወደውን ዕቃውን በገዛ እጁ አቃጠለው፣ ከሞትኩ በኋላ የማይሆን ሰው እጅ እንዳይገባ ብሎ። ታዲያ ምን ሆነ? የተረፈውን ዕቃ በሥዕል አተሙት፣ አስመስለው ሠሩት፣ ትምህርት ቤት ከፈቱ፣ በ1862 ኦሳካ ላይ በተደረገው ትልቅ የሴንቻ ግብዣ ብዙ ቦታ ላይ የቻይና ቅርስ ተደርድሮ እየተዞረ ይታይ ነበር። ከሸሹበት ተመልሰው ገቡ።

ስለዚህ ልጅቷ ምንም ቤት ባትሠራስ? አንድ ጣሪያ፣ አራት ቋሚ፣ አለቀ። ለመምህሩም «የባይሳኦ ሻይ ነው» ትበለው።

የኡጂ ዝናብ

@ነገር ፈላጊ ስምህን አውቀህ ነው ያወጣኸው 😄

ስለ ባይሳኦ ያልከው ልክ ነው፣ ስለ ዕቃው አምልኮም ልክ ነህ። ግን አራት ቋሚና ጣሪያ ብቻ ካልክ አንድ ነገር ይጎድልሃል፣ እሱም ቻይና ነው። በዚያ ዘመን ጃፓናዊ ከአገሩ መውጣት ክልክል ነበር። የቻይና ግጥም በቃሉ የሚወጣለት፣ የቻይናን ተራራ በቀለም የሚስል ሰው አንድም ቀን እግሩ ቻይናን አይረግጥም። ያየው በመጽሐፍ፣ በሥዕልና በማንፑኩጂ ነው። እና ክፍሉን ሲሠራ ያንን ያላያትን አገር ነበር የሚሠራው፤ የጎደለውን በምናቡ እየሞላ። ክቡ መስኮት፣ የቅል ቅርጽ ያለው መስኮት፣ ቀጥ ያሉ እንጨቶች እየታጠፉ የሚገጣጠሙበት መደገፊያ፣ ከሩቅ የመጣ ዞጲ ወይ ቀይ እንጨት ለአንድ ቋሚ ብቻ ማስገባት፣ ሁሉም ከዚህ ናፍቆት ነው። ማቻ ቤት ውስጥ ይሄ ሁሉ ቢገባ ይጮህ ነበር።

ማንፑኩጂ ነይ ያልኩሽም ለዚህ ነበር። ትልቁ አዳራሽ፣ ዳይኦሆደን፣ በ1668 የተሠራ ነው፣ እንጨቱ ቲክ ነው፣ ከባሕር ማዶ የመጣ። በሁለቱም ጎን ክብ መስኮት አለው፣ በሮቹ ላይ ኮክ ተቀርጿል፣ ክፉ ነገር እንዲያባርር። እዚያው ግቢ ውስጥ ለባይሳኦ መታሰቢያ የተሠራ ቤት አለ። የሴንቻ ማኅበራት ኅብረት መቀመጫም እዚያ ነው፤ ግንቦት ላይ ከመላ ጃፓን ተሰብስበው ሻይ ያፈላሉ።

@ባለማስመሪያዋ ግን ክቡ መስኮት አምስት ቦታ እንዳታደርጊ። የቻይና ምግብ ቤት ይሆንብሻል።

ባለማስመሪያዋ

እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁንም፣ በተለይ ጋሼ አናጢው፣ ሴክሽኔን (ቤቱ ከጎን ተቆርጦ የሚታይበትን ሥዕል) ሌሊቱን አፍርሼ እንደገና ስዬዋለሁ።

አሁን እንዲህ ሆኗል፦ ክፍሉ አራት ተኩል ታታሚ ነው፣ ወደ 2.9 በ2.9 ሜትር፣ ከዚያ በሁለት ወገን ዘጠና ሳንቲ ሜትር የእንጨት በረንዳ፣ የደቡብ ምሥራቁ ማዕዘን ሙሉ በሙሉ ይከፈታል፣ ቋሚውን እንዳሉኝ ወደ ውስጥ ስቤዋለሁ፣ ወንዟ ላይ የሚወጣው በረንዳ በሁለት ረጃጅም ቋሚዎች ቆሟል (አንዱን ዛፍ ላድርገው ብዬ አስቤ ቦታው ላይ ያለችው ዛፍ በጣም ቀጭን ሆነችብኝ)። በሩ ቁመቱ 1.80 ነው። ክብ መስኮት አንድ ብቻ፤ ከመግቢያው ስትመጡ ወንዟ መጀመሪያ የምትታየው በእሱ ውስጥ ነው፣ ከዚያ ትጠፋለች፣ ከዚያ ክፍሉ ውስጥ ስትገቡ ሙሉዋን ታገኟታላችሁ።

ሁለት ነገር ከበደኝ። አንደኛው የሥዕሉ ቦታ ነው፣ ቶኮኖማው። ማቻ ላይ የሳልኩት ጠባብ ነበር፣ አንድ ጽሑፍ ተሰቅሎ አንድ አበባ የሚቀመጥበት። እዚህስ? ሁለተኛው ነፋስ። ሁለት ወገን ከፍቼ ከሰሉ አመድ አያነሳም ወይ?

የኡጂ ዝናብ

ቶኮኖማውን አስፊው። እዚህ የሚሰቀለው ትልቅ የተራራና የውሃ ሥዕል ሊሆን ይችላል። ሥሩ ደግሞ አበባ ብቻ አይደለም የሚቀመጠው፤ ፍራፍሬና አትክልት ይደረደራል፣ ሮማን፣ ቅል፣ የሎተስ ሥር። አጠገቡ የጸሐፊ ዕቃ፣ የቀለም መበጥበጫ ድንጋይ፣ ብሩሽ። እንግዳው ዕቃውን ሊያየው፣ ሊያወራበት ነው። ሰፊ ዝቅተኛ መደርደሪያ ከመስኮቱ ጋር ብታያይዢው ብርሃን ከጎን ይመጣለታል። ብርሃን አትንፈጊው፣ የሲኒው ውስጥ ነጭ ሸክላ ነው፣ ሻዩ ፈዘዝ ያለ ቢጫ አረንጓዴ፤ ቀለሙ ካልታየ ግማሹ ቀረ።

አናጢው

ነፋሱን በተመለከተ፣ ማንደጃዋ ከፊት ለፊት አፍ አላት፣ በማራገቢያ የምትራገበው በዚያ ነው። ትንሽ ነፋስ ወዳጅሽ ነው። ብዙው ግን አመዱንም ያነሳል፣ የተሰቀለውንም ሥዕል ያንገላታል። ስለዚህ አፈላዩን የምታስቀምጪበትን ጎን ዝጊው፣ ከጀርባው ግማሽ ግድግዳ ይኑር። ክፍቱን ወገን ደግሞ ከሸምበቆ የተሠራ መጋረጃ አንጠልጥይበት፤ ሲያስፈልግ ይወርዳል፣ ሲያስፈልግ ይጠቀለላል፤ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ሲመጣም ያው እሱ ነው። ተንሸራታቹ በር ለብርዱ ወቅት ነው፤ ሙሉ በሙሉ ተነቅሎ የሚወጣ አድርጊው፣ የተነቀለውን የምታስቀምጪበት ቦታም አስቢ፣ ሁሉም ሰው እሷን ይረሳል።

ቀጭኗን ዛፍ አትናቂያት። ቋሚ ባትሆንም በረንዳው ውስጥ ቀዳዳ ትተሽላት ታልፍ።

ነገር ፈላጊ

እሺ ተሸነፍኩ፣ ማዕዘኑ ሲከፈት እኔ ያልኩት አራት ቋሚ ሊሆን ምንም አልቀረው። 😏 አንድ ጥያቄ ብቻ። ሲኒው የት ነው የሚታጠበው? ውሃውስ ከየት ነው የሚመጣው?

ባለማስመሪያዋ

...

ማጠቢያ የለኝም። 15 ካሬ ሜትሩን በረንዳው ጨረሰው። ቆይ፣ ፕላኑን ልክፈተው።

አናጢው

ከግማሽ ግድግዳው ጀርባ! አንድ ታታሚ የምታህል ቦታ ይበቃታል፣ ወለሉ ከቀርከሃ፣ ውሃው ከሥሩ ወደ ተዳፋቱ ይውረድ። ለአፈላዩም በቀኝ እጁ ትሆናለች። በረንዳውን በሁለቱም ወገን ሰላሳ ሳንቲ ሜትር አጥብቢው፣ ያኔ 15 ካሬ ሜትሩ ውስጥ ትገቢያለሽ።